ቋንቋውን የማያውቅ አድማጭ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 1። ረፋድ 4፡30።

አሁን ከተራራው ወረድን። ጫማዬ ጭቃ በጭቃ። ሱቁን ሳልከፍት አንተን ከፈትኩ፣ ደብተሬ። ዛሬ ጉድ ሠርቻለሁ። ሳቅሁ።

ጥፋቱ መሳቄ አይደለም። ቀድሜ መሳቄ ነው። ቲቸር ቫርጊስ እንደ ወትሮው ወደ ዋሻ ሚካኤል በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ባለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አዲሱን አጭር ልብ ወለዳቸውን ያነቡልኛል። በማላያላም፣ በአገራቸው ቋንቋ። እኔ ፊት ለፊት ተቀምጬ አዳምጣለሁ። ደንቡ ይኼ ነው፤ አሥራ አራት ዓመት አልተጣሰም። እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ አንዲት ቃል ሳይገባኝ እሰማለሁ፣ እሳቸው ፊቴን ያያሉ። ካዛጋሁ፣ ዓይኔ ወደ ቅጠሉ ከሄደ፣ ጫማዬን ማየት ከጀመርኩ፣ እርሳሳቸውን አንስተው እዚያው ቦታ ላይ ያሰምራሉ። ቤት ሲገቡ ያሰመሩበትን ይቆርጡታል።

ዛሬ ታሪኩ ውስጥ አንድ ሰውዬ በዝናብ ይሮጣል። ጃንጥላ አለው። አዲስ ነውና እንዳይረጥብበት ዘግቶ ብብቱ ሥር ወሽቆታል። ማዛ ዝናብ፣ ኩዳ ጃንጥላ። ገባኝ። የእሳቸው ድምፅ ገና ሳይቀየር ሳቄ አመለጠኝ።

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። ሳል አሉ። ቀጠሉ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 3።

መብራት የለም። ፎቶ ኮፒው ተኝቷል። እኔ ደግሞ የሰው መመረቂያ ጽሑፍ በወስፌ እየበሳሁ እሰፋለሁ። ጊዜ አለኝ፤ ከሥሩ ልንገርህ።

ቲቸር ቫርጊስ ከደቡብ ሕንድ፣ ከኬረላ፣ በወጣትነታቸው ሒሳብ ሊያስተምሩ መጡ። ክፍለ ሀገር ዞሩ፣ አዲስ አበባ ገቡ፣ ጡረታ ወጡ፣ የካ ሚካኤል ጓሮ ቤት ተከራይተው ቀሩ። ባለቤታቸው ሱሳማ አርፈዋል፤ የተቀበሩት በአገራቸው ነው። አንድ ልጅ አለቻቸው፣ ሺኒ፣ እዚያው ኬረላ ነርስ ናት። እዚህ ሰፈር ሒሳብ አስተማሪ መሆናቸውን ሁሉ ያውቃል። እዚያ አገራቸው ስምንት የአጫጭር ልብ ወለድ መጻሕፍት እንዳሏቸው የሚያውቀው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

መጀመሪያ ሱቄ የመጡ ቀን በእጅ የተጻፈ ሃያ ገጽ ኮፒና ጥረዛ አዘዙኝ። ፊደሉ ክብ ክብ፣ ምስር የፈሰሰበት የመሰለ። ላዩን ከታቹ መለየት አቃተኝና ሃያውንም ዘቅዝቄ በተሳሳተው ጎን ጠረዝኩት። አዩና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ጠየቁኝ፤ እውነት ታችና ላዩን አታውቅም? አላውቅም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኩ። ጥሩ፣ ቅዳሜ ጠዋት ምን ትሠራለህ? አሉ።

ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ጉድለቱን ስለሚያልፍላቸው አይጠቅማቸውም። የቃሉ ትርጉም ካፖርት ነው፣ የጎበጠ ትከሻ ይሸፍናል ይላሉ። የማያውቅ ሰው ግን የሚሰማው አካሄዱን ብቻ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ካነከሰ የእኔም ፊት ያነክሳል። ታሪኩ ስለምን እንደሆነ አንድም ቀን ነግረውኝ አያውቁም። ጠይቄም አላውቅ። ስምንቱም መጻሕፍት መጀመሪያ በዚህ ፊት ላይ አልፈዋል። በዚህ ስኮራ ኖሬአለሁ።

እና እኔ ምን አደረግሁ? ኅዳር 13 ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው። በቋንቋቸው እንኳን አደረስዎ ልላቸው አሰብኩ። ልጄ ሊዲያ ስልኬ ላይ ትምህርት ጫነችልኝ። ከየካቲት ጀምሮ ማዳመጫ ጆሮዬ ውስጥ ሰክቼ እየሰፋሁ ማላያላም እማራለሁ። እዚያ አገር አስተማሪን "ማሽ" እንደሚሉት ያወቅሁት በዚህ ነው። ከዛሬ ጀምሮ አንተ ላይ ብቻ ማሽ እላቸዋለሁ። በአፌ ገና አልደፈርኩም።

ስጦታው እየተዘጋጀ ሳለ አድማጩ እየተበላሸ እንደነበር አላስተዋልኩም። ከአሥር ቃል አራቱ የሚገባው ሰው ምን ይጠቅማቸዋል?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5።

ማሽ መጡ። የመድኃኒት መግለጫ ወረቀቶች ይዘው፤ ያ ከብልቃጡ ጋር ካርቶኑ ውስጥ ታጥፎ የሚገኘውን። የሁለት ዓመት ክምችት። በጠንካራ ልባስ ይጠረዝ፣ ጀርባው ላይ በወርቃማ ቀለም "መድኃኒት" ተብሎ ይጻፍ አሉ። ባለፈው ሳምንት የግድግዳ ካላንደሮች ነበሩ። ከዚያ በፊት የድሮ ተማሪዎች የፈተና ወረቀት።

ቆሙ። ስለ ጉልበታቸው አወሩ። ስለ ቁንዶ በርበሬ አወሩ። አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ስለ ሙጫዬ ጠየቁኝ። ሄዱ።

ለሙሉ ነገርኳት። ባለቤቴ ሾላ ገበያ ቅመም ትነግዳለች፤ ሰው አንድ እፍኝ ኮረሪማ ሲያነሳ አይታ ጠባዩን ትናገራለች። ብቸኝነት ነው አለች። "ወረቀቱ ሰበብ ነው። ተቀበላቸውና አጫውታቸው።"

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8።

ፊቴን ባዶ ለማድረግ ወሰንኩ። ቃል ሲገባኝ እንዳያሳብቅብኝ ባሕር ዛፍ መቁጠር ጀመርኩ። ሠላሳ አንደኛው ላይ ስደርስ የእርሳሱ ድምፅ ተሰማኝ።

በየት በኩል እንዳሰመሩ ታውቃለህ? አንዲት እናት፣ አማ፣ ልጇ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ በር ላይ ውኃ ይዛ ትጠብቃለች። እየጠበቀች ውኃውን ራሷ ትጠጣለች፣ ደግማ ትቀዳለች። እንዲህ ያለ ነገር ይቆረጣል? የእኔ ባሕር ዛፍ ያቺን ሴትዮ ከታሪኩ አስወጣት። ማሽ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

ስንወርድ ትከሻዬን ያዙ። ድሮ አይዙም ነበር።

እሑድ፣ ጥቅምት 9።

ምሳ ላይ ምክር ቤት ተቀመጥን። ሊዲያ፤ "አባዬ፣ በቃ ንገራቸው። ሰርፕራይዙ ይቅር።" ሙሉ፤ "ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። ስልሳ ሊሞላህ ምን ቋንቋ አስለመደህ?" ሁለቱም ልክ ናቸው። ከነገርኳቸው አድማጭ ያጣሉ፣ እኔም ቅዳሜዬን። ካልነገርኳቸው ሥራቸውን አበላሻለሁ።

እስከ ልደታቸው ልጠብቅ። ፈሪ የሚያስበው እንዲህ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15። ረፋድ 5።

አዲስ ታሪክ ጀመሩ። እና ደብተሬ፣ ጎበዝ ሆኛለሁ። ከአሥር ቃል ስምንቱ ገባኝ። በአንድ ሳምንት እንዲህ መሻሻል ራሴን አስደነቀኝ። ግሦቹ ሳይቀሩ ቁልጭ ብለው ይሰሙኛል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ተራራ ላይ ባለች ከተማ አንድ መጽሐፍ ጠራዥ አለ። አንድ ሽማግሌ በየሳምንቱ የሚጠረዝ ነገር ይዞ ይመጣበታል። ፈተና። ካላንደር።

ፈተናውንም ካላንደሩንም የጠረዝኩት እኔ ነኝ።

ሽማግሌው የሚነግረው ጉዳይ አለው፣ መናገር ያቅተዋል። ወረቀቱን ያስረክባል፣ ቤቱ ይመለሳል፣ የተጠረዘውን ይወስዳል። መደርደሪያው በማይረባ መጽሐፍ ይሞላል። ጉዳዩ ምንድን ነው? ማካል፣ ሴት ልጅ ማለት ነው። ናዱ፣ የትውልድ አገር። ሦስተኛውን ቃል ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። ትኬት።

ፊቴን እንዴት እንደያዝኩት አላውቅም። ድንጋዩ ላይ ያሉትን ጉንዳኖች አየሁ። እርሳሱ አልተነሳም። አንዴም አልተነሳም።

እሑድ፣ ጥቅምት 16።

ሊሄዱ ነው። ለሁልጊዜው።

ከፋኝ። ዝም ብዬ ልጽፈው፤ ከፋኝ። ተናደድኩም። አሥራ አራት ዓመት ፊቴን ሲያነብቡ የኖሩ ሰው ለፊቴ መንገር አቃታቸው? ኬረላ ያለ የማላውቀው አንባቢ በመጽሔት ያነበዋል፣ እኔ ከመድኃኒት መግለጫ ጋር እቀራለሁ።

ለሙሉ ነገርኳት። የሚወዱትን ቁንዶ በርበሬ ለየብቻ ቋጥሬ አስቀምጬ ነበር አለች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25።

ባለፈው ቅዳሜ ተራራ አልወጣንም። ጉልበታቸው አብጧል። ዛሬ ግን በከዘራ መጡ። ጋዜጣ ይዘው። የሚጠረዝ።

እሳቸው ቆመዋል፣ እኔ ቆሜአለሁ። መሐላችን ጋዜጣ። እኔ አውቃለሁ፣ እሳቸው አለማወቄን ያውቃሉ። ወይም እንደዚያ መስሎኛል። መንገዱ እየተቆፈረ ስለሆነ ስለ አቧራው አወራን። ከላምበረት እስከዚህ በሚኒባስ አንድ ሰዓት እንደፈጀባቸው ነገሩኝ። ላምበረት ምን አደረስዎ ብዬ አልጠየቅኩም። የድሮ ተማሪዎቻቸው ያሉት ወደ ሰሜን ነው፣ የዚያ አውቶቡስ ደግሞ የሚነሳው ከላምበረት መናኸሪያ ነው፤ ሊሰናበቱ ሄደው ይሆናል።

ጋዜጣውን ጠረዝኩት። ጥሩ አድርጌ ጠረዝኩት። ከንዴቱ ምንም አልቀረም። ያሳዝንሃል እንጂ በዚህ ሰው ላይ ንዴት አይከርምም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6። ቀትር ላይ።

ደብተሬ፣ ደስም ብሎኛል፣ ከፍቶኛልም።

ዛሬ በረንዳቸው ላይ ነው ያነበቡልኝ። የጠራዡ ታሪክ፣ ሁለተኛው ክፍል። ሽማግሌው የመጨረሻውን ወረቀት ይዞ ሱቁ በር ላይ ይደርሳል። ይቆማል። ጠራዡ ቀና ይላል።

እዚህ ላይ አቆሙ። መነጽራቸውን አወለቁ። በማላያላም፣ ቀስ ብለው፣ ከመቼ ጀምረህ ነው? አሉኝ።

ከየካቲት፣ አልኩ። በአማርኛ። ሳላስብ።

 ያልጠረጠረ ተመነጠረ።  ማሽ ያን የመጀመሪያውን ቀን ሳቅ ሳቁ፣ ሃያ ገጽ የዘቀዘቅኩበትን ቀን።

ሐምሌ ላይ ነው ያወቁት። ከንፈሬ አብሯቸው ይንቀሳቀስ ነበር አሉ። ከዚያ ወዲህ እርሳሱን ከልባቸው አላነሱትም። ውኃ ይዛ የምትጠብቀውን እናት ቆርጠዋት እንደሆነ ጠየቅሁ። ያን ቀን ያሰመሩት ባሕር ዛፍ ስቆጥር ፊቴ ምን እንደሚመስል ሊያዩ ነበር። እናትየው ደህና ናት።

ከዚያ የጎበዝነቴን ነገር ነገሩኝ። ያቺ ታሪክ ለምን እንደዚያ ቁልጭ ብላ ገባችኝ? ለሦስተኛ ክፍል ልጅ በሚጻፍበት ቃል ስለጻፏት ነው። አጫጭር ዓረፍተ ነገር፣ ቀላል ግሥ፣ ከትምህርቴ የማይወጣ። ሱቅ ሲመጡ ስልኬ ላይ ስንተኛው ትምህርት ላይ እንደደረስኩ እየሰረቁ ያዩ ነበር። በዚህ ሁሉ ዓመት ውስጥ እንደዚህ ያስቸገረኝ ጽሑፍ የለም አሉ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። ማሽ አይጠጡም። በአማርኛ ልነግርህ ስል ፊትህን አያለሁ፣ በታሪክ ሲሆን ወረቀቱን አያለሁ አሉኝ። ስምንቱም መጻሕፍት ለማያውቁት ሰው ነው የተጻፉት። ይቺ አንዷ ለእኔ።

መጨረሻዋን አልጻፉም። አንዲት ባዶ ገጽ ሰጡኝ። ሺኒ ከገና በፊት እንዲመጡላት ትፈልጋለች፤ ትኬቱን ገና አላረጋገጡም። "ጠራዡ ምን አለ? እሱ ያለውን እጽፋለሁ። የጻፍኩትንም አደርጋለሁ።"

አይሂዱ ካልኩ ይቀራሉ። ሳምንት ሰጡኝ። እስከ ልደታቸው።

ሰኞ፣ ኅዳር 8።

ይቅሩ ልል እፈልጋለሁ። ለአንተ አልዋሽም። ቅዳሜ ጠዋት ያ ድንጋይ ባዶውን ሲሆን ማየት አልፈልግም።

ግን ክረምት ላይ መታጠቢያ ቤት ወድቀው ነበር። አከራያቸው እስኪሰሙ ድረስ ከጠዋት እስከ ምሳ ወለሉ ላይ ተኝተዋል። ሺኒ በየቀኑ ስትደውል ደህና ነኝ ይሏታል። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ሰምቻለሁ። አሁን ደግሞ ምን እንደሚሏት ይገባኛል። ይኼም የመማሬ ጦስ ነው።

ሥራ የለም። ባዶዋን ገጽ እያገላበጥኩ ዋልኩ። ላይዋም ታችዋም አይታወቅም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10።

ሦስተኛውን ትምህርት ደግሜ ሰማሁ። የካቲት ላይ ሳቅ ብዬ ያለፍኩት ነው። በማሽ አገር ደጃፍ ላይ ቆሞ "ልሄድ ነው" አይባልም። ክፉ ነው። "ሄጄ ልምጣ" ነው የሚባለው፣ የማይመለሰውም ሰው ቢሆን። ሸኚውም "ሂድ" አይልም። "ሄደህ ና" ይላል። እኛም ደርሼ ልምጣ እንላለን፣ ግን ለሱቅ ነው፣ ለጎረቤት ነው። እነሱ ለባሕር ማዶም ይሉታል።

ሦስት ጊዜ ሰማሁት። መርፌው እጄ ላይ ቀረ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። ከሰዓት በኋላ 9።

ሚካኤል። ሰፈሩ ነጭ በነጭ፣ መንገዱ አያሳልፍም። ደግሞ ኅዳር ሲታጠን ነው፤ በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል፣ ተራራው በጭስ ተሸፍኗል። ማሽን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አገኘኋቸው። እሳቸውም ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ቫርጊስ ማለት ጊዮርጊስ ነው። ዓይናቸው በጭሱ አልቅሷል። ስለ ገጹ አልጠየቁኝም። እኔም ስለ ገጹ አላነሳሁም። ነገ ብለን ተለያየን።

ወስኛለሁ። ይሂዱ።

ይኼን ለሙሉ ስነግራት ቅመም እየለቀመች ነበር። ታዲያ ቅዳሜስ? አለች። በስልክ ያነቡልኛል አልኩ፤ ምስሉም ይታያል፣ ሊዲያ ታሳየናለች። ሙሉ ራሷን ነቀነቀች። "አንተማ ተበላሽተሃል። ቋንቋ አውቀሃል። ምን ታደርግላቸዋለህ?"

እውነቷን ነው። አላሰብኩትም ነበር።

እጇን በቀሚሷ ጠረገች። "እኔ እሰማቸዋለሁ" አለች። "ሥራዬ ቅዳሜ ከረፋድ በኋላ ነው፣ ፊቴ ደግሞ ምንም አይደብቅም፣ ገበያተኛ ሁሉ ይመሰክራል። አንድ ነገር ብቻ፤ ማንም አንዲት ቃል እንዳያስተምረኝ።"

ከሠላሳ ዓመት ትዳር በኋላም ሙሉ እንዲህ ታስደምመኛለች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። ጠዋት 12፡30።

ጉልበታቸው ሻል ብሏል፤ ቀስ ብለን እስከ ድንጋይዋ እንሞክራለን ብለዋል። ሦስታችንም እንወጣለን። ሳይወስዷቸው ሱቄ የቀሩትን ጥራዞች በፌስታል አድርጌአለሁ፤ ፈተናው፣ ካላንደሩ፣ መድኃኒቱ፣ ጋዜጣው። ይዘዋቸው ይሂዱ፣ የታሪኩ ማስረጃ ናቸው። አምስተኛው ከእኔ ነው። ባዶ ወረቀት፣ የፍየል ቆዳ ልባስ፣ በአንድ ዓመት ባሉት ቅዳሜዎች ቁጥር ያህል ገጽ። የትኛው ጎን እንደሚከፈት አራት ጊዜ አረጋግጬ ነው የጠረዝኩት።

ያቺን ገጽ አልጻፍኩባትም። በአፌ ነው የምመልሰው። መስታወቱ ፊት አሥር ጊዜ አልኩት። ፖዪት ቫሩ፣ ማሼ። ሄደው ይምጡ፣ አስተማሪዬ። ማሽ ብዬ በአፌ ስጠራቸው የመጀመሪያዬ ይሆናል። ዘጠኙን በደህና አልኩት። አሥረኛውን አልጨረስኩትም። ምንም አይደለም፣ እሳቸው ድሮም የሚያዩት ፊቴን ነው።

ሙሉ ጫማዋን አጥልቃ በር ላይ ቆማለች። ሰምታኝ ኖሯል። ምን ማለት ነው? አለችኝ።

አልነግራትም። ከዛሬ ጀምሮ ቋንቋውን የማታውቀው አድማጭ እሷ ናት።